ቦሎው ለመስታወቱ፣ ፍሬኑ ለልጆቹ

ሐምሌ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ዝናቡ ለአፍታ ሲያባራ የታጠበ ልብስ ላሰጣ ስወጣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነው። ዕድሜው ከመጀመሪያ ልጄ ጋር እኩያ ነው፤ ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ከድንኳን ተከላው እስከ ሰልስቱ እግሩ ሳያርፍ ሲላላክ የሰነበተ፣ እግዜር ይስጠውና እስካሁንም ደጃፌን የማይረሳ ሰው ነው።

“ሲስተር፣ ቦሎውን መቼ ነው የሚያሳድሱት?” አለኝ።

“በዚህ ሳምንት መጨረሻ ብዬ ነበር። ምነው?”

“ጎማዎቹን ላዘጋጅልዎት ብዬ ነው። መኪኖቻችን አንድ ዓይነት አይደሉ? ከጋሼ ጋር በየዓመቱ እንዲህ ነበር የምናደርገው። መጀመሪያ የኔ ይመረመራል፤ ማታ ጎማዎቹን ፈትተን ለእናንተዋ እንገጥማለን። ቦሎው ሲወጣ የየራሳችንን እንመልሳለን።”

የያዝኩት አንሶላ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ባለቤቴ የፊዚክስ መምህር ነበር። ባለሱቅ አንድ ብር አብልጦ ቢመልስለት ከመንገድ ተመልሶ የሚሰጥ፣ ልጆቻችን ፈተና ላይ ወደ ጎን እንዳያዩ ሲመክር የኖረ ሰው። በ33 ዓመት ትዳራችን “ዛሬ ቦሎ አወጣሁ” ሲለኝ “እሰይ” ብዬ ቡና ከማፍላት በቀር እንዴት ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

“አመሰግናለሁ ልጄ፤ እስኪ ላስብበትና እነግርሃለሁ” ብዬ ሸኘሁት።

ማታ ባትሪ ይዤ ወጣሁና በመኪናዋ ዙሪያ ዞርኩ። ከ20 ዓመት በላይ የተሳፈርኩባት አሮጌ ኮሮላ ናት፤ ጎንበስ ብዬ ጎማዋን ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። የፊቶቹ ደህና ይመስላሉ። የኋላዎቹ ጥርሳቸው አልቆ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ለስልሰዋል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን የልጅ ልጆቼን በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት የማመጣቸው በዚህችው መኪና ነው።

ከድንገተኛ ክፍል ያልረሳሁት

ጡረታ እስክወጣ 35 ዓመት በነርስነት አገልግያለሁ፤ የሚበዛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ድንገተኛ ክፍል ነው። ብዙ ፊት ረስቻለሁ። አንድ አባት ግን አልረሳሁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የአራት ዓመት ሴት ልጁን ታቅፎ ገባ። መኪናውን ቁልቁለቱ ላይ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ የግቢውን በር ሊከፍት ወርዷል። ልጅቷም ተከትላው ወርዳለች። የእጅ ፍሬኑ አልያዘም። መኪናዋ ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ተንሸራታ ልጅቷን ከግንብ አጥር ጋር አጣበቀቻት። የጭን አጥንቷ ተሰብሯል። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች፤ ለሳምንታት ግን ከአልጋ አልወረደችም። አባትየው የልጅቷን አንድ እግር ጫማ ይዞ ኮሪደሩ ላይ እየተመላለሰ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። “ቦሎ ካወጣሁ እኮ ሁለት ሳምንቴ ነው!”

ያን ጊዜ ድንጋጤ የሚያናግረው መስሎኝ አልፌዋለሁ። ባትሪዬን ይዤ ከጎማው ሥር ጎንበስ ስል ነው የገባኝ። ለካ ቦሎ ማውጣትና መኪና ማስመርመር ለየቅል ሊሆኑ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ከየትኛውም በሽታ የሚቀድመው የመንገድ አደጋ ነው። እኛ አያቶች ልጅ ሲያተኩሰው ሌሊቱን ቁጭ ብለን እናድራለን፤ ክትባቱ አንድ ቀን ቢያልፍ እንጨነቃለን። በየቀኑ የሚሳፈርበትን መኪና ግን ማን ያየዋል?

የቀጠሮ ዕለት ኪኒን

“ቦሎ” የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ማኅተም ወይም ቴምብር እንደማለት ነው። እንደ ፍሬቻና እንደ ጎሚስታ ሁሉ ከመኪናው ጋር ገብቶ የኛ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ቦሎ የምንለው በፊት መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን፣ መኪናው የዓመቱን ምርመራ ማለፉን የሚመሰክረውን ወረቀት ነው። ሕግም አለው፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ያዝዛል።

እኔ ግን ነገሩን የምረዳው በሙያዬ ነው። ደም ግፊት ይዟቸው ክትትል ከሚያደርጉ ታካሚዎቻችን መካከል የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ብቻ ኪኒናቸውን ውጠው የሚመጡ ነበሩ። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ያማረ ነው። ሐኪሙም ደስ ይለዋል፤ ታካሚውም “ጨርሻለሁ” ብሎ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት በቃሬዛ ሲመጣ ያ የሚያምር ቁጥር ምንም አይፈይድለትም።

ጎማ ተውሶ ቦሎ ማውጣት እንደዚያው ነው። ማሽኑን ማታለል ይቻላል። እርጥቡን አስፋልት ማታለል ግን አይቻልም።

በማግሥቱ ለጎረቤቴ “ጎማህን አላበላሽብህም፤ በራሷ ጎማ ሄዳ የሚሆነውን ልይ” አልኩት። “ትወድቃለች እኮ ሲስተር!” አለኝ። “ትውደቃ! ሰውም ይታመማል፤ መጀመሪያ ግን ሕመሙ ይታወቅ።”

ጣቢያውን ፍለጋ

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጊዜ የቦሎ ነገር የባለቤቴ ሥራ ስለነበረ የት እንደሚኬድ እንኳ አላውቅም ነበር። እንደኔ ድንገት መኪና የወደቀባችሁ እናቶችና አያቶች እንዳትቸገሩ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት የመኪናዋ ፋይል ወዳለበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ ሦስት ነገር ጠየቅሁ። የዘንድሮው የምርመራ ጊዜ ለኔ ዓይነት መኪና ከመቼ እስከ መቼ ነው? የትኞቹ የቴክኒክ ምርመራ ተቋማት ናቸው ፈቃድ ያላቸው? ምን ምን ሰነድ ይዤ ልምጣ? የጊዜ ሰሌዳውና አሠራሩ ሊለወጥ ስለሚችል ካለፈው ዓመት ልምድ ይልቅ ከምንጩ መስማት ይሻላል።

ከሰነዶቹ ዋናዎቹ ሊብሬው፣ ጊዜው ያላለፈ የሦስተኛ ወገን መድንና መታወቂያ ናቸው። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለም አስቀድሞ መጨረስ ነው። ባለቤታቸው ላረፈባቸው አንድ ምክር ልጨምር፤ ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ስሙን አዛውሩ። እኔ ሐዘኑ ሲበርድልኝ ብዬ ወራት ማቆየቴ በኋላ አስሮጦኛል።

ስለ ሦስተኛ ወገን መድን እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ለቦሎ ሲባል የሚከፈል ዕዳ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን አልጋው ዳር ሆኜ አይቼዋለሁ። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣ በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። ያ ገንዘብ ሩቅ አይወስድ ይሆናል፤ ግን ኪሱ ባዶ ለሆነ ቁስለኛ የመጀመሪያዋ ሰዓት ከሁሉም ትበልጣለች።

ተቋሙን ስትመርጡ ለቤታችሁ የሚቀርበውን ፈልጉ፤ መኪናው ከወደቀ ተመልሶ መምጣት ስላለ ቅርበቱ ይጠቅማል። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ መሰቀሉንና የዘንድሮ መሆኑን እዩ። የናንተን ዓይነት መኪና የሚመረምር መስመር እንዳለው፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና የት እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ደግሞ ጊዜ ምረጡ። የጊዜ ገደቡ መጨረሻ ላይ ሰልፉ መንገድ ይዘጋል፤ የቸኮለ መርማሪና የቸኮለ ባለመኪና ሲገናኙ ምርመራ አይሆንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እኔ በወሩ አጋማሽ ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ፤ ከፊቴ አራት መኪና ብቻ ነበር።

በሩ ላይ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ በመስኮቱ “ማዘር፣ መኪናዋ ሳትገባ እዚሁ ልጨርስልዎት?” አለኝ። ዋጋውንም ነገረኝ። አልዋሽም፣ ልቤ ትንሽ ወለም ዘለም ብሏል። ሁለት ሰዓት ቆሞ መጠበቅ አለ፤ ጉልበቴ ያመኛል፤ ትወድቃለች ተብዬም መጥቻለሁ። ያ አባት የያዛት ትንሽ ጫማ ትዝ ስትለኝ ግን “ይቅርብኝ ልጄ” አልኩትና ገባሁ።

ማሽኑ ያየውና እኔ ያላየሁት

ምርመራውን ቆሜ ለማየት አስፈቀድኩ። ቴክኒሽያኑ ወጣት ነው፤ ነርስ እንደነበርኩ ስነግረው ሳቀና “እንግዲያውስ ውጤቱን በደንብ ያነቡታል” አለኝ።

የፊት ጎማዎቿ መሬት ውስጥ በተቀበሩ ተሽከርካሪ ብረቶች ላይ ወጡ። ብረቶቹ ጎማውን ያዞሩታል፤ ፍሬን ሲረገጥ የግራውና የቀኙ ጎማ ለየብቻ ምን ያህል እንደሚይዝ ስክሪኑ ላይ በቁጥር ይወጣል። ቀጥሎ የኋላዎቹ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑ። ከዚያ መሪው ቀጥ ብሎ ሲያዝ መኪናዋ ወደ ጎን የምትሳብ መሆን አለመሆኗ ታየ። መብራቷ ከፍታውና ጉልበቱ ተለካ፤ ጭሷ ማሽን ውስጥ ገብቶ ተነበበ። በመጨረሻ ቴክኒሽያኑ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ሆዷን በባትሪ እያየ በብረት እየነካካ መረመራት። ሐኪም በሽተኛ ሲያይ ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል?

ውጤቷ መጣ። ወድቃለች።

የኋላ ፍሬኗ የቀኙ ይይዛል፤ የግራው ግን ከግማሹም በታች ነው። የእጅ ፍሬኗ ደካማ ነው። የኋላ ጎማዎቿ አልቀዋል። የግራ የፊት መብራቷ ወደ ላይ ተኩሶ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጥበረብራል። ይባስ ብሎ የእሳት ማጥፊያው ቀስት ቀዩ ላይ ነው፤ ባዶ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ ሲከፈት ደግሞ አንድ የደረቀ ፕላስተርና ዝገት የበላው መቀስ ወጣ። የነርስ መኪና! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“የግራና የቀኙ መበላለጥ ለምን ያስጥላል? ብቻ ትቆማለች አይደል?” ብዬ ጠየቅሁት።

“እናቴ፣ በደረቅ መንገድ ቀስ ብለው ሲነዱ ትቆማለች። ዝናብ ላይ በድንገት ሲረግጡ ግን አንዱ እግሯ ይይዛል፣ አንዱ ይሸሻል። ያኔ ጅራቷን ይዛ ትዞራለች።”

ባለቤቴ ለተማሪዎቹ ያስተምረው የነበረ አንድ ስሌት ትዝ አለኝ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በደህና ፍሬንና በደህና ጎማ ማለት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የኖረ ሰው በየሐምሌው ጎማ ይዋስ ነበር። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ተናደድኩበት፤ ከዚያም አዘንኩለት። የመምህር ደመወዝ፣ ሦስት ልጅ፣ የጎማ ዋጋ። ምን እንደመረጠና ለምን እንደመረጠ አውቃለሁ። ቢነግረኝ ግን አብረን እናስብበት ነበር።

ስለ ጭሱ ምርመራ እንደ ጤና ባለሙያ አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ሰው የጽሕፈት ቤት ወግ ይመስለዋልና። ከቤንዚን ሞተር ከሚወጣው አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ማርሚታው ተበስቶ ወይም የኋላው በር በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ወደ ውስጥ ከገባ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደነዝዛል። ልጆች ከክብደታቸው አንጻር ከኛ የበለጠ አየር ስለሚስቡ ቀድሞ የሚጎዳው እነሱን ነው። ልጁ መኪና ውስጥ ራሴን አመመኝ እያለ ሲወርድ የሚሻለው ከሆነ “መኪና አይስማማውም” ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ጭሱንም አስፈትሹ።

ጋራዥና የዕቁብ ብር

ከጣቢያው ቀጥታ ወደምናውቀው መካኒክ ሄድኩ፤ የውጤቱን ወረቀት ሰጠሁት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ስትሄዱ መካኒኩ የሚሠራው ታውቆ ስለሚጀምር “ይህም ያስፈልጋታል፣ ያም ያስፈልጋታል” አይበዛም።

የግራውን የኋላ ጎማ ፈትቶ ታምቡሩን ሲያወጣው ሚስጥሩ ተገኘ። ፍሬኑን የሚገፋው ትንሽ ሲሊንደር የፍሬን ዘይት ያንጠባጥባል፤ ዘይቱ ሸራውን አርሶታል። ዘይት የጠጣ ሸራ እንዴት ይያዝ? ሲሊንደሩ ተቀየረ፤ ሸራው በሁለቱም በኩል ተለወጠ፤ የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ተወጠረ። መካኒኩ የፍሬን ዘይቱንም ለወጠው፤ ዘይቱ በጊዜ ብዛት እርጥበት ስለሚስብ ሳይቀየር ለዓመታት መቆየት የለበትም አለኝ።

ጎማው ነው የከበደኝ። በጡረታ ገንዘብ ጎማ መግዛት ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደግነቱ ዕቁቤ ወጥቶልኝ ነበር። ለአዲስ ዓመት መጋረጃ ልቀይር ያሰብኩበት ብር ሁለት ጎማ ሆነ። መጋረጃዎቼ አሁንም ያው ናቸው።

ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም እዩ። ከጎኑ ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መጨረሻ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ለምሳሌ 2319 ካለ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይህ ለኛ ለአረጋውያን በተለይ ይጠቅማል። መኪናችን አብዛኛውን ቀን ስለምትቆም የጎማችን ጥርስ ላያልቅ ይችላል፤ ጎማው ግን ቆሞም ያረጃል፤ ይደርቃል፤ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። ስኮርታችሁንም አትርሱት። የኛው ስኮርታ የዕድሜ ባለጸጋ ሆኖ ተገኝቷል።

በሳምንቱ ተመለስኩ። ያው ወጣት ቴክኒሽያን ነበር። የኋላዎቹ ቁጥሮች ተቀራረቡ፤ የእጅ ፍሬኑም ያዘ። “አሁን ደህና ናት፤ የዓመት ሰው ይበላችሁ” አለና ሳቀ። ቦሎውን መስታወቱ ላይ ስለጥፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚህ በፊት ይህን ሥራ የሠራው ሁልጊዜ እሱ ነበር።

ሰርቪሱንስ ማን ያየዋል?

የልጅ ልጆቼ ቀሪዎቹን ሁለት ቀን የሚመጡት በትምህርት ቤት ሰርቪስ ነው። ቦሎ ካወጣሁ በኋላ ዓይኔ ተከፈተና መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ሚኒባሱ ደጃችን ሲቆም መስታወቱን አየሁት። የተለጠፈው ቦሎ የዓምናው ነው።

ሹፌሩ ጨዋ ልጅ ነው። ሰው ፊት ላሳፍረው አልፈለግሁም። ልጆቹ ሲወርዱ ጠጋ አልኩና “ልጄ፣ የዘንድሮውን ቦሎ መቼ ነው የምታወጣው?” አልኩት። “ማዘር፣ ሥራው አላፈናፍን ብሎኝ ነው” አለኝ። “እኔም አሁን ነው ያወጣሁት፤ መጀመሪያ ወድቃብኝ ነበር” ብዬ የኔን ታሪክ ነገርኩት። የደረሰብኝን ሳልደብቅ መናገሬ ሳይሆን አይቀርም፣ አልተቆጣም። ሌሎች ሁለት እናቶችም ጠየቁት። ባለመኪናውም ሰምቶ ኖሮ ሚኒባሱ በቀጣዩ ሳምንት ሁለት ቀን ቀረ፤ ልጆቹን ተጋግዘን አመላለስን። ሲመለስ አዲስ ቦሎ፣ አዲስ የፊት ጎማ ይዞ መጣ።

ስለዚህ እናንተም ጠይቁ። ቦሎው የዘንድሮ ነው? ሦስተኛ ወገን አለው? ልጆቹ በወንበሩ ቁጥር ልክ ነው የሚጫኑት? በሩ በደንብ ይዘጋል? ጎማውን ደግሞ ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ብቻችሁን መጠየቅ ከከበዳችሁ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል አንሱት። የአገልግሎቱ ከፋይ እናንተ ናችሁ።

ከምርመራው በፊት ቤት ውስጥ የሚታይ

ወደ ጣቢያው ከመሄዳችሁ በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ ብታጠፉ አንድ ሙሉ ቀን ታተርፋላችሁ።

አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፣ ፍሬቻ ያብራ፤ እናንተ ከኋላና ከፊት ሆናችሁ መብራቶቹን እዩ። የልጅ ልጅ ለዚህ ጥሩ ረዳት ነው፤ የኔዋ “በራ! ጠፋ!” እያለች ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

የዝናብ መጥረጊያውን፣ ክላክሱን፣ ስፖኪዮውን፣ የደህንነት ቀበቶውን ሁሉ ሞክሩ። የኋላ ወንበሩን ቀበቶ ከትራሱ ሥር ቆፍራችሁ አውጡት፤ የሚቀመጡበት ልጆቻችሁ ናቸው።

ቁልቁለት ላይ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው ሳይኖር፣ የእጅ ፍሬኑን ስባችሁ ማርሹን ዜሮ አድርጉና እግራችሁን ከፍሬኑ ቀስ ብላችሁ አንሱ። መኪናዋ ከተንቀሳቀሰች ፍሬኑን ረግጣችሁ ያዙ፤ ከዚያም ጣቢያ ሳይሆን ጋራዥ ሂዱ።

መኪናዋ የቆመችበትን መሬት እዩ። ከጎማ አጠገብ የዘይት ጠብታ ካለ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል።

የእሳት ማጥፊያው ቀስት አረንጓዴው ላይ ይሁን። የሦስት ማዕዘን አንጸባራቂው ይኑር። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ ውስጥ ጓንት፣ ንጹሕ ፋሻና ጎዝ፣ የሚቆርጥ መቀስ ይግባ። የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ ከማንኛውም ቅባት ይቀድማል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ይህ አይመለከተንም አትበሉ። ጭስ ባይኖረውም ጎማ፣ ፍሬንና መሪ አለው።

ጎረቤቴ

ጎረቤቴን ሳልነግራችሁ አልጨርስም። የኔ ቦሎ በወጣ በማግሥቱ መጣና ቡና እየጠጣን ዙሪያውን ሲዞር ቆይቶ “ሲስተር፣ የኔ ነገ ናት የምትመረመረው። የእሳት ማጥፊያውን ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ? ጋሼ ጎማ ሲወስድ እኔ እሷን ነበር የምወስደው” አለኝ።

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ባዶ መሆኗን ስነግረው እሱም ደርቆ ቀረ። በአንዲት ባዶ ቆርቆሮ ሁለት ቤት ስንተማመን ኖረናል ማለት ነው፤ የሱ መኪና ውስጥ ደግሞ የስድስት ወር መንታዎች አሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። በዚያው ቀን ከሰዓት አብረን ወጥተን ሁለት ገዛን፤ አንዷን ለሱ፣ አንዷን ለኔ። ሲመለስ የሱን ከሹፌሩ ወንበር ሥር አሰራት። እኔ ደግሞ አሮጌዋን ልጥላት ስል እጄ እንቢ አለኝ። ጓዳ ውስጥ፣ ከባለቤቴ የጠመኔ ሳጥን ጎን አስቀመጥኳት።